ስፑትኒክ ሞንሮ፦ የሜምፊስ ክፉ ሰው

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሬስሊንግ በአንድ ግዙፍ ኩባንያ እጅ አልነበረም። እያንዳንዱ ክልል የራሱ አዘጋጅ ነበረው፤ ተጋጣሚዎቹም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይታገላሉ። በቴሌቪዥን ይዛዛታሉ፣ ሰዉ ይናደዳል፣ ቲኬት ይቆርጣል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ቲኬቱን የሚያሸጠው ደግሞ፣ ሲደበደብ ለማየት ተመልካቹ የሚጓጓለት ክፉ ሰው ነው።

በዚህ ሚና ስፑትኒክ ሞንሮን የሚያህል ማግኘት ይከብዳል። በ1928 በካንሳስ ዶጅ ሲቲ ተወልዶ ትግሉን በየትርኢቱ ድንኳን ጀመረ። ስሙን ያገኘው በ1957 አላባማ ውስጥ ነው ይባላል። መንገድ ላይ ያሳፈረውን ጥቁር ሰው ይዞ ወደ ግጥሚያው ቦታ ሲመጣ ነጮቹ ጮኹበት፤ እሱም ሰውየውን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። በንዴት የጦፉ አንዲት ሴትዮ ሶቪየቶች ባመጠቋት ሳተላይት ስም ሰደቡት። ስድቡን ስም አደረገው።

ሜምፊስ ሲገባ ጥቁሮች ተለይተው የሚኖሩባት ከተማ ጠበቀችው። ሞንሮ ሽክ ብሎ ለብሶ የጥቁሮቹ መዝናኛ ወደሆነው ቢል ጎዳና ይወርድ፣ አብሯቸው ይጠጣ፣ ቲኬት ያድል ጀመር። ፖሊስ በረባ ባልረባው ያስረዋል። እሱም ጥቁሩን ጠበቃ ራስል ሹገርመንን ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ጎዳና ላይ ነው።

ግጥሚያዎቹ በሚካሄዱበት በኤሊስ አዳራሽ ጥቁሮች የሚፈቀድላቸው የላይኛው ሰገነት ብቻ ነበር። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ በር ላይ ለሚቆጥረው ሰው ጉርሻ እየሰጠ የገባውን ጥቁር ተመልካች ቁጥር ያስቀንስ ነበር። ሰገነቱ ጢም ሲል ለአዘጋጆቹ ቁርጡን ነገራቸው፦ ወንበሩ ለሁሉም ካልተከፈተ አልታገልም። ገበያቸው እሱ ነበርና ከፈቱ። የሲቪል መብቶች ሕግ የጸደቀው ከዓመታት በኋላ፣ በ1964 ነው።

ገበያው ምን ያህል እንደነበረ ነሐሴ 1959 ይመሰክራል። የቀድሞው የቦክስ ሻምፒዮን ሮኪ ማርቺያኖ በዳኘው የሞንሮና የቢሊ ዊክስ ግጥሚያ ራስዉድ ፓርክ ከ13 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ሁሉን ያደረገው ለገንዘብ ነው የሚሉ አሉ። ገንዘቡንም ይፈልገው ነበር። ግን ነጭ ተመልካች እንዲጠላው የሚከፈለው ሰው፣ ያንን ጥላቻ ለጥቁሮች በር መክፈቻ ማዋሉ በእኔ ዓይን ትልቅ ድፍረት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከጥቁሩ ተጋጣሚ ከኖርቬል ኦስቲን ጋር ጥንድ ሆኖ ታገለ። ኦስቲንም በሞንሮ ፀጉር ላይ የሚታየውን ነጭ መስመር በራሱ ፀጉር ላይ አስቀብቶ አብሮት ወደ መድረክ ይወጣ ነበር።