«ትርፍ» የተባለ ፋይልና የሚወድቀው ኮምፓይለር

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚያስኬደው ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲያገኝ መስመሩን ጠቅሶ ይናገራል። የቀረበለት ነገር የቱንም ያህል ቢበላሽ «አልገባኝም» ብሎ መመለስ አለበት፤ ራሱ ክራሽ ካደረገ ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህ ለፋይል ስምም ይሠራል፤ ፕሮግራመሮች ግን ስሙን ይዘነጉታል።

ከሚሴን እንውሰድ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ እንደመሆኗ አፋን ኦሮሞ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፍባታል። ሁለት ተማሪዎች የሱቅ ሒሳብ የሚሠራ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ጻፉ እንበል። አንዱ ፋይሉን «ትርፍ» ይለዋል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል «ቡኣ»። ትርጉሙ ያው ነው፤ ጣጣው ግን ለየቅል።

የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ይህን ቁጥር በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ት» 225፣ 137፣ 181 ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ከ128 በታች ናቸው። በተለመዱት የኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚይዝበት «ቻር» ከ-128 እስከ 127 ብቻ ስለሚቆጥር 225 ሲገባበት -31 ሆኖ ይነበባል። ኮምፓይለሩ ባይቱ ፊደል ይሁን አኃዝ የሚለየው 256 ቦታ ባለው ሰንጠረዥ ከሆነ፣ -31ኛውን ቦታ ሊያይ ይሄዳል። እንዲህ የሚባል ቦታ የለም! ከቀናው ከሰንጠረዡ ውጭ ያለውን ቆሻሻ አንብቦ ያልፋል፤ ካልቀናው ይወድቃል። ጥገናው እጅግ ትንሽ ነው፦ ባይቱ ሰንጠረዡ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ «አንሳይንድ ቻር» መለወጥ። ያኔ 225 እንደ 225 ይቆጠራል።

ሌላው ቋንቋ፣ ጃቫ፣ ክላስን በአማርኛ መሰየም ይፈቅዳል፤ ፐብሊክ ክላስ ከፋይሉ ስም ጋር መግጠም ስላለበት ፋይሉም አማርኛ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ሎካሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ የቋንቋና የፊደል ቅንብር፣ «ሲ» የተባለው እንደሆነ ከቀረ ግን ጃቫ ስሙን ማንበብ ያቅተዋል። ሎካሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን መደበኛ ያደረገው ለፋይል ይዘት ነው፤ የፋይል ስም አሁንም የሎካሉ ጥገኛ ነው።

«ቡኣ» በላቲን ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁዻ፣ ማለትም ነጠላ ጥቅስ የምትመስል ምልክት አለችበት። ኮምፓይለሩ በእሷ ምንም አይሆንም። የሚቸገረው ከፊቱ ያለው ነው፦ ኮምፓይለሩን የሚጠራው ሜክ የተባለ ፕሮግራም ስሙን እንዳለ ትእዛዙ ላይ ይለጥፈዋል፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው ሼል ጥቅስ ተከፈተ ብሎ መዝጊያዋን ሲፈልግ ይቀራል። የሜክ መመሪያ በሆነው ሜክፋይል ውስጥ ስሙን በድርብ ጥቅስ መክበብ ይፈታዋል። ስልክ ወይም ወርድ ሁዻዋን ወደ ጠማማዋ ጥቅስ ከቀየራት ግን እሷም 3 ባይት ትሆንና «ትርፍ» የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች።

«ስሙን በእንግሊዝኛ አድርገውና ተገላገል» የሚለው የላብራቶሪ ምክር ለዕለቱ ያግዛል፤ ኮምፓይለሩ ግን እንደታመመ ይቀራል። የሚሻለው «ት» ብቻ ተብሎ የተሰየመ ባዶ ፋይል መስጠት ነው። በእሱም ከወደቀ ኮዱ ከጥርጣሬ ወጣ፤ ፋይሉ ከኮምፓይለሩ እትም ቁጥርና ከሎካሉ ጋር ለአልሚዎቹ ይላካል፣ እነሱም ከጥገናው በኋላ ከቋሚ ፈተናዎቻቸው ጋር ይጨምሩታል።