ልብ ብሎ መሳል፦ እርሳስና ወረቀት በገዳሪፍ መጠለያዎች

በምሥራቅ ሱዳን ያለችው ገዳሪፍ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም። ሰሊጥና ማሽላዋ ሲደርስ ከጎንደርና ከሁመራ በኩል ጉልበት ያለውን ሁሉ ትጠራለች። ሸሽቶ የሚገባባት ሰውም አለ። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ስደተኞች የሰፈሩበት ኡም ራኩባ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ እንደገና ተከፈተ። ከ60,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባ አልበቃ ሲል ቱናይድባ ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ገዳሪፍ የገዛ አገሯን ተፈናቃይ በመቶ ሺሕዎች ተቀበለች። ከፊሉ በገላባት በኩል መተማ ገብቶ ኩመርና አውላላ በተባሉት ጣቢያዎች ተጠለለ። በአንድ ድንበር ሁለት ሕዝብ በሁለት አቅጣጫ ተሰደደ።

እንዲህ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ውኃ፣ እህልና ሸራ ነው፤ ተገቢም ነው። እንቅልፍ የነሣውን ሐሳብ ግን ማን ይጠይቀዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግጭት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ ባለሙያ የለም። ስለዚህ ማንም ሊያደርገው የሚችል፣ ዋጋው ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ የማይበልጥ ነገር መተዋወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ልብ ብሎ መሳል ነው።

በጀበና እንጀምር፤ በየቤቱ፣ በየድንኳኑ አለ። ማቶቱ ላይ እንደተቀመጠ ፊት ለፊታችሁ አድርጉት። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፉና ዓይናችሁን ጀበናው ላይ ትከሉ። ዓይናችሁ ከአፉ ተነሥቶ በአንገቱ ሲወርድ እጃችሁም በዚያው ፍጥነት፣ ማለትም በጣም በዝግታ፣ አብሮ ይውረድ። እጀታው ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ እዚያ ጋ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ትንሽ ስንጥቅም ሊኖር ይችላል። ሐሳብ ወደ ቀረው ቤት ወይም ወደ ጠፋው ዘመድ ሲሄድ አትቆጡት፤ መልሳችሁ መስመሩ ላይ አድርጉት። ትንፋሻችሁ ከእጃችሁ ጋር ረጋ ይላል። ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ያለው ጀበና ጠማማ ይሆናል፤ ግድ የለም። ብትቀድዱትም ብታስቀምጡትም ሥራው ተሠርቷል።

ለምን ይሠራል? ጭንቀት በባሕርዩ ያለፈውን ያመነዥካል፣ የሚመጣውን ይፈራል፤ ዓይንና እጅ አንድ መስመር ላይ ሲጠመዱ ለዚያ የሚተርፍ ቦታ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በሥዕልና በሸክላ ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ ከ4ቱ የ3ቱ ያህል ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀንሶ ተገኝቷል። ሥዕል የሚችለውና የማይችለው ልዩነት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ 84 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ባዶ ወረቀት እንደፈለጉ ከቀለሙት ይልቅ ሥርዓት ያለው፣ የሚደጋገም ቅርጽ የቀለሙት ጭንቀታቸው ይበልጥ ረግቷል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን የሚያመለክቱት ወደ አንድ ነው።

የሚደጋገም ቅርጽ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚጠላለፈው ሐረግ፣ የነጠላው ጥለት፣ የመሶቡ ስፌት፣ በገዳሪፍ ሙሽራ እጅ ላይ የሚሳለው ሂና ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ባዶ ወረቀት የሚያስፈራው ሰው ከእናቱ ነጠላ ጥለት ይጀምር፦ አንዱን ቅርጽ ይሳል፣ ከጎኑ ይድገመው፣ ገጹ እስኪሞላ።

ልጆች ላይ ስንመጣ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ዩኒሴፍና አጋሮቹ በመጠለያዎቹ ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ሥፍራዎች ሲከፍቱ እርሳስና ቀለም ከዕቃዎቹ መካከል ነበሩ። ልጁ በራሱ ፈቃድ ታንክ ከሳለ ይሳል፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። «ያየኸውን ጦርነት ሳልልን» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ድሬክና ዊነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ አሳዛኝ ፊልም ካዩ ሰዎች መካከል ሐዘኑን ከሳሉት ይልቅ ሌላ ነገር የሳሉት ስሜታቸው ይበልጥ ተሻሽሏል። አህያውን፣ የጎረቤቱን ዶሮ፣ የውኃ ጀሪካኑን የሚስል ልጅ ከጦርነቱ የሸሸ ፈሪ አይደለም፤ እያረፈ ነው። የልጅን ቁስል ለእንግዳ ካሜራ ማስሳል በፍጹም ትክክል አይመስለኝም።

«የሥዕል ሕክምና» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው ሠዓሊው አድሪያን ሂል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ እያለ መሳል እንደረዳው አይቶ ሌሎች ሕሙማንን ያስተምር ነበር። እውነተኛው የሥዕል ሕክምና ግን የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። እዚህ ያስተዋወቅሁት ራስን ማሳረፊያ ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ የሚያስደነግጥ ሕልም ያልለቀቀው፣ ወይም ሕይወቱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው እርሳስ አይበቃውም፤ ወደ ጣቢያው ክሊኒክ አብራችሁት ሂዱ።

ወደ ኡም ራኩባ ወይም ወደ ቱናይድባ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፣ ከብርድ ልብሱ ጋር ያልተሰመረ ደብተር፣ እርሳስና መቅረጫ ጨምሩበት። ለልጆቹ ብቻ አይሁን፤ ለእናቶቹም ይድረስ።