የቤት ግብርና የመለኪያው ነገር

እንደሚታወቀው የከተማ ቤት ለነጋዴ የሚሰጠው አገልግሎት ድርብ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣና በቢቸና፣ በመንገድ በኩል ያለው ክፍል ሱቅ፣ በስተኋላው ያለው መኖሪያ የሆነ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ በቤት ላይ የሚጣለው ግብርና ለባለቤቱ የሚደረገው ቅናሽ በሚለወጥበት ጊዜ የንግዱም የኑሮውም ሒሳብ አብሮ ይነካል።

በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት፣ የቤት ግብር ይታሰብ የነበረው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ ነው። ግምቱ ለብዙ ዘመን ሳይታደስ በመቆየቱ ከባለቤቱ የሚፈለገው ገንዘብ ከገበያው ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ሆነ። ይህም በሕግ ያልተጻፈ ቅናሽ ነበር ማለት ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግምትን ባሻሻለ ጊዜ ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ ይታወሳል።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ የግብሩ መሠረት የንብረቱ ዋጋ ሲሆን፣ ግብር የሚታሰበው ግን ከዋጋው ሩብ፣ ማለት 25 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ነው። በሕንፃ ላይ የሚጣለው መጣኝ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል፤ የመሬቱ ለብቻው ይታሰባል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት ግብር የሚታሰብበት 250,000 ብር ነው። መጣኙ 0.1 በመቶ ቢሆን ባለቤቱ በዓመት 250 ብር፣ 1 በመቶ ቢሆን 2,500 ብር ይከፍላል። ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ነው። እንግዲህ የሩቡ ቅናሽ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ገማቹ በቤቱ ላይ የሚጽፈው ዋጋና አስተዳደሩ የሚቈርጠው መጣኝ የቅናሹን ጥቅም ሊያሰፉትም ሊያጠቡትም ይችላሉ።

የጎጃም ሕዝብ ከግብር ጋራ ያሳለፈው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም ከበጌምድርና ከትግራይ ጋራ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ልክ እንዲገብር ፈቅዶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ግን ባለርስቱ የገማቾቹን መምጣት ርስቱን በቀላድ ለመለካት እንደ መጀመሪያ አድርጎ ቈጠረው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ሕዝቡ ለዐመፅ ተነሣ። ከዚያም የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ በኋላም ለውዝፉ ግብር ምሕረት ተደረገ። ሕዝቡን ያስቈጣው የብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካና ከተለካ በኋላ ምን እንደሚከተል አለማወቁም ጭምር ነው።

ስለ ዛሬው የቤት ግብርም ጥያቄው ይኸው ነው። ሱቅና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ሁለቱ ተለይተው ይገመታሉ ወይስ ቤቱ በሙሉ እንደ ንግድ ቤት ይቈጠራል? የቤት ዋጋ ስለ ጨመረ ብቻ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ጡረተኛ ገንዘብ አያገኝም፤ ታዲያ ግብሩን ከምን ይከፍላል? በግምቱ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? መልሱስ በስንት ቀን ይሰጠዋል? እነዚህ አስቀድመው በግልጽ ተጽፈው ለሕዝብ ቢነገሩ ለአስተዳደሩም ለግብር ከፋዩም ዕረፍት ነው።

ነጋዴው በበኩሉ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የጥሬ ዕቃና የጥገና ደረሰኞቹን፣ እንዲሁም የከፈለበትን የግብር ደረሰኝ አሰባስቦ ቢይዝ ይበጀዋል። ሱቁና መኖሪያው የሚይዙትን ስፋት ለይቶ አስለክቶ ቢጽፍ ደግሞ ገማቹ በመጣ ቀን የሚነጋገረው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ልኩን አውቆ ለጠየቀ ሰው ነውና።