ባክአፕ ሲወድቅ፦ ከላይብረሪ አፕዴት በኋላ ምን እናድርግ?

በዚህ እትም የምናነሳው በኮምፒውተር ክፍላችን ስላጋጠመንና ሌሎች ማዕከላትንም ሊያጋጥም ስለሚችል ችግር ነው። እንደሚታወቀው የተማሪዎቻችን ውጤት የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ወይም ወደ ሌላ ካምፕ ሲዛወር፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ብዙ ጊዜ በእጁ የለም። ስለዚህ ፎልደሩ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በባክአፕ ፕሮግራም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ይገለበጣል ብለን እናስብ ነበር ማለት ይሻላል።

አንድ ቀን የአንድ ክፍል ውጤት በስህተት ተሰረዘና ከባክአፑ ልናወጣ ስንሞክር ፕሮግራሙ ወደቀ። ሃርድ ዲስኩን ከፍተን የፋይሎቹን ቀን ስናይ የመጨረሻው ቅጂ አምስት ሳምንት አልፎታል። ለካ ፕሮግራሙ በየዓርቡ ተነስቶ ወዲያው ይወድቅ ኖሯል። የሚያሳየው «ባልታወቀ ስህተት ምክንያት አልተሳካም» የሚል ትንሽ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሉን የሚቆልፈው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። (ያ ሰው በየተራው ሁላችንም ስለነበርን ማንንም አንወቅስም።)

ነገሩን ለመረዳት ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደተደራረቡ ማወቅ ያስፈልጋል። የምንጠቀመው ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን አብሮት የመጣው የባክአፕ ፕሮግራም ዴጃ ዱፕ ይባላል። ዴጃ ዱፕ ዋናውን ሥራ ራሱ አይሠራም፤ ዱፕሊሲቲ የሚባለውን ይጠራል። ዱፕሊሲቲ ደግሞ ከፋይሉ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ ለማወቅ ሊብአርሲንክ የሚባል ላይብረሪ ይጠራል። ሊብአርሲንክም በተራው ከሥር ባለው ጂሊብሲ ላይ ይቆማል። ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። የጋራ ወጥ ቤት እንበለው፤ አንዱ ለራሱ እንዲመቸው ምድጃውን ቢቀይር የሌላው ድስት ላይቀመጥ ይችላል። ይህ እንዲያው ምሳሌ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሊብአርሲንክ 1.0.0 ሲወጣ ለደህንነት ሲባል ኤምዲ4 የተባለውን አሮጌ ስሌት በብሌክ2 ተክቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ዱፕሊሲቲ አብሮ መስተካከል ግድ ሆኖበታል።

ከሁሉም በፊት ያደረግነው ምንም ነገር ሳንጠግን የውጤት ፎልደሩን በእጅ ኮፒ አድርገን በሁለት ፍላሽ ማስቀመጥ ነው። ባክአፕ በሌለበት ሰዓት ሲስተም መነካካት አደገኛ ነው፤ መብራቱም መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ቀጥሎ ዱፕሊሲቲን ከተርሚናል አስነሳነው። (ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ እዚህ የምንጽፈው አነባበባቸውን ነው።) ረጅም ጽሑፍ ይዘረግፋል፤ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ መጀመር አያስፈልግም፣ የመጨረሻውን መስመር ያንብቡ። የእኛው «ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም፤ የሚፈልገው ሊብአርሲንክ ነው» ይል ነበር። ኡቡንቱ 22.04 የያዘው ጂሊብሲ 2.35 ነው። እንግዲያው እዚህ የተጫነው ሊብአርሲንክ የ22.04 አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ከየት መጣ?

የአፕትን የታሪክ መዝገብ ብናገላብጥ ምንም የለም። ይህ ግማሽ ቀን አባከነብን። በኋላ እንደገባን፣ በቀጥታ በዲፒኬጂ የተጫነ ነገር በአፕት መዝገብ አይጻፍም፤ የሚገኘው «ዲፒኬጂ ዶት ሎግ» በሚባለው ፋይል ነው። እዚያ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ቁጭ ብሏል። ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ፓኬጆችን በፍላሽ ይዘን እንመጣለን፤ ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም ለመጫን ያመጣናቸው ፓኬጆች የ24.04 ነበሩ። ሲስተሙ አይሆንም ሲለን «ፎርስ» በሚለው ትእዛዝ አስገድደን አስገባናቸው። ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

መፍትሔ ሲፈለግ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንደኛው «ጂሊብሲውንም ከ24.04 እናምጣ» የሚል ነው። ይህን በፍጹም አታድርጉ! ፋይል የሚዘረዝረው ትንሹ ትእዛዝ ሳይቀር በእሱ ላይ ስለሚቆም፣ ከተበላሸ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሁለተኛው የአፕት «ፊክስ ብሮክን» ነው። እሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሺ ከማለታችሁ በፊት የሚያጠፋቸውን ፓኬጆች ዝርዝር አንብቡ። ለእኛ ባክአፕ ፕሮግራሙን ራሱን ላጥፋው ብሎ ጠይቆናል። ችግሩን ይፈታል፣ ባክአፕም አይኖረንም።

ያደረግነው ቀላል ነው። ኢንተርኔት በነበረበት ቀን የ22.04ን ሊብአርሲንክ አወረድን፤ በጣም ትንሽ ፋይል ነው። በዲፒኬጂም ጫንነው። ከዚያ «ኤልዲዲ» በሚባለው ትእዛዝ ላይብረሪው የሚፈልገው ሁሉ መገኘቱን አየን፤ «ኖት ፋውንድ» የሚል መስመር አልነበረም። ዴጃ ዱፕም ሠራ።

ደስ ብሎን ልንዘጋ ስንል አንዷ ባልደረባችን «ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል ወይ?» አለች። ሃርድ ዲስኩን ወስደን ሞከርነው። የይለፍ ቃል ጠየቀን። እንዴ! የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቃሉን ራሱ ይዞት ስለነበር አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም። ቃሉን የሰጠው መምህር ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር ከሄደ ዓመት አልፎታል። ያ ኮምፒውተር ቢቃጠል ኖሮ ሃርድ ዲስኩ በእጃችን እያለ የልጆቹ ውጤት አይወጣም ነበር። በስልክ አገኘነው፤ ሁለቴ ተሳስቶ በሦስተኛው አስታወሰው።

አሁን ቃሉ በታሸገ ፖስታ በርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ተቀምጧል። ዓርብ ማታ ክፍሉን የሚቆልፈው ሰውም ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን የመጨረሻ ፋይል ቀን በደብተሩ ላይ ጽፎ ይፈርማል።