ከባልትና ቤት እስከ ላቦራቶሪ

ለሕፃን የገንፎ እህል የምታዘጋጅ እናት ገብሱን፣ ስንዴውን፣ አጃውን፣ ሽምብራውንና ኦቾሎኒውን ለቅማና ቆልታ ታስፈጫለች። ስንት እጅ ገብስ፣ ስንት እጅ ሽምብራ እንደሚገባ ሳትመዝን ታውቀዋለች። ምጥን የሚባለው ይህ ነው። አብሽ ለከሳ፣ በሶ ለመንገደኛ የሚታሰበውም ከዚሁ ዕውቀት ነው። ዛሬ «አልሚ ምግብ» ወይም «ማሟያ» ተብሎ የሚታሸገው ምርት የባልትና ልጅ ነው። ልዩነቱ ገዥው ላይ ነው፤ የጎረቤት ሰው ባለሙያዋን ያውቃታል፣ የሱቅ ደንበኛ ግን የሚያየው ፓኬቱን ብቻ ነው።

ፍላጎቱ የሚያጠያይቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በደም ማነስ የተጠቁትም ከግማሽ በላይ ነበሩ። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን ለማስቀረት ዒላማ አስቀምጧል። ይሁን እንጂ ችግር ባለበት ሁሉ ገበያ አለ ማለት አይደለም፤ ምግቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የመግዛት አቅም የለውም።

ስለዚህ ዘርፉ ለሁለት ተከፍሎ አድጓል። በአንድ በኩል ለቤተሰብ የሚሸጠው አለ። የዚህ ቀዳሚ ፋፋ ነው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ የተወለደ የዱቄት ምግብ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ልጁ «ፋፋ» ከሚለው የእናቶች ደስታ ጋር አንድ ነው። በሌላ በኩል በጅምላ ለዕርዳታ ድርጅቶች የሚመረተው አለ። ህሊና የተባለው ፋብሪካ የሚያመርተው ፕላምፒ ነት ለዚህ ምሳሌ ነው። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን የተሠራው ባለ 92 ግራም ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ይህ ገበያ ትልቅ ቢሆንም ገዥዎቹ ጥቂት ናቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ሲዘጋ ኑሮውን በዕርዳታ ትእዛዝ ላይ የመሠረተ አምራች ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ታይቷል።

በአነስተኛ ካፒታል የሚጀምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሽፈራው ዱቄት፣ በተልባ፣ በበሶና በሕፃናት ምጥን ላይ ነው። ሽፈራው በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ ከጓሮ ተቀጥፎ እንደ ጎመን የሚበላ ነው፤ ወደ ዱቄት ሲለወጥ ግን ጥላ ሥር መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ቫይታሚኑን ያቃጥለዋል።

እውነተኛው ፈተና ጥሬ ዕቃው ላይ ነው። እርጥበት የነካው ኦቾሎኒ ወይም በቆሎ ሻጋታ አብቅሎ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመጣል፤ መቁላትም ፈጽሞ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ከገበሬው ጀምሮ በደንብ ማድረቅ፣ መልቀምና በየዙሩ ማስመርመር ነው። ቫይታሚንና ማዕድን ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ይገባል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የእነዚህም የብር ዋጋ አብሮ ንሯል።

ከዚያ ፈቃዱ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ አምራች የብቃት ማረጋገጫ ሳይዝ ወደ ገበያ መውጣት አይችልም። ዓለም አቀፉ የምግብ ሕግ ኮዴክስም ምጥኑን በቁጥር ያስቀምጣል፤ ማሟያ ተብሎ የሚሸጥ ምርት በዕለት ድርሻው ውስጥ በስሙ ከተጠቀሰው ቫይታሚን ከሚመከረው መጠን ቢያንስ 15 በመቶ መያዝ አለበት። ማብዛትም አደጋ አለው፤ ብረትና ቫይታሚን ኤ ከልክ ሲያልፉ ይጎዳሉ። ምግብ በሽታ ያድናል ብሎ መሸጥም አይፈቀድም፤ «ደም ግፊትን ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የሽፈራው ዱቄት ከዚህ መስመር ያለፈ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ አሥር ዓይነት ምርት ከመደርደር አንዱን ይምረጥ፤ እህሉን ከሚያውቀው ገበሬ ይግዛ፤ ከማሽን በፊት ለምርመራ በጀት ይያዝ። ባልትና ቤት ምጥኑን የሚያስተማምነው የባለሙያዋ እጅ ነበር፤ እጇን የማያይ ገዥ የሚተማመነው የዛሬው ፓኬት ከትናንቱ ሳይለይ ሲቀር ነው።