የአባቴ ቮልስ ቀለም ምን ነበር? ስለ አሮጌ መኪና ቀለም አመራረጥና ስለ ትዝታ

ከብሬዴንግ፣ ስቶክሆልም

የአገራችን ጉዳይ ሌት ተቀን በሚያነጋግርበት ጊዜ ስለ መኪና ቀለም ልጽፍ መነሣቴ ሥራ የፈታ ሊያሰኘኝ ይችላል። ሆኖም አንድ አሮጌ ቮልስ ዋገን ለማደስ ስታገል የተማርኩት ነገር ከመኪናው አልፎ እኛን በስደት ያለነውን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ ብያለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት የሆነ ቮልስ ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ስዊድን የዚያኑ ዓመት ሥሪት አግኝቼ ገዛሁ። የብሬዴንግ የምድር ባቡር ጣቢያም የተከፈተው በዚያው በ1965 ነውና፣ የምኖርበት ሰፈርና መኪናው እኩዮች ናቸው። መኪናው ሲመጣ ቀይ ነበር። እኔ ግን ገና ሳልገዛው ቀለሙን በልቤ ወስኜ ነበር፤ የአባቴ ሰማያዊ! የቀረኝ ደማቅ ይሁን ፈዘዝ ያለ የሚለው ብቻ ስለ ነበር አዲስ አበባ ወዳለችው ታላቅ እኅቴ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ የአባባ መኪና ሰማያዊው ደማቅ ነበር ወይስ ፈዛዛ?»

«አንተ ልጅ፣ የምን ሰማያዊ? ግራጫ ነበር እኮ!»

ተከራከርን። በእጃችን ያለው ብቸኛ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለማንኛችንም አልፈረደም። ያን ጊዜ ነው ቀለም በትዝታ ሳይሆን በማስረጃ እንደሚመረጥ የገባኝ። ማስረጃውም ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛው የፋብሪካው የቀለም ቁጥር ነው። በቮልስ ላይ ይህ ቁጥር ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ስኮርታ ጎማው ከሚቀመጥበት አጠገብ በትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ይገኝ ነበር። የእኔው ከተቀደደ ቆይቷል። ሁለተኛው የሻንሲ ቁጥር ነው። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ይህን ቁጥር ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ለሚገኘው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም ተቋም ልከው ቢከፍሉ፣ መኪናው መቼ እንደ ተሠራ፣ በምን ቀለምና በምን የወንበር ልብስ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ነው። በበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባና በዳሽቦርዱ ሥር ፀሐይ ያልነካው የመጀመሪያ ቀለም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በሚታየው አካል ላይ ደግሞ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ቢፈትጉ፣ ንብርብሩ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይገለጣል። የእኔው ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከዚያ በታች ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። የምስክር ወረቀቱም ያንኑ አጸና። ቁጥሩ ኤል 518፣ የፋብሪካው ስም «የጃቫ አረንጓዴ» ነው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። በአንድ ብርሃን ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላ ብርሃን ይለያያሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርባ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ከአናት ነው። የስቶክሆልም ፀሐይ በታኅሣሥ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ፣ ያውም ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ታልፋለች። ስለዚህ ቀለም ከካታሎግ ወይም ከስልክ ላይ አይመረጥም። በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ አስቀብቶ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ በደመናም በመብራትም ማየት ያስፈልጋል።

የቀለሙ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። ያኔ ይቀባ የነበረው ቀለም ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2007 ጀምሮ በመኪና ማደሻ ቀለም ውስጥ ያለው ተናኝ ኬሚካል መጠን ተገድቧል፤ ታሪካዊ ዋጋ ላላቸው አሮጌ መኪኖች ግን አባል አገሮች የተለየ ፈቃድ ሊሰጡ ይችላሉ። ሕጉን ሳይነኩ የድሮውን መልክ ለማግኘት፣ ከላዩ ግልጽ ቫርኒሽ የማይደረብበትን የዛሬ ቀለም መምረጥ ይሻላል። ቫርኒሽ የተደረበበት ቀለም እንደ መስታወት ስለሚያበራ የዘመኑን መልክ ያጠፋል። የቀለሙ ማጠንከሪያ ግን ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነ ርጩን አየር የሚሰጥ ጭንብል ላለው ባለሙያ መተው ነው።

የውስጡ ቀለም የውጩን ይከተላል። ፋብሪካው ለየውጭ ቀለሙ የሚስማማውን የወንበር ልብስ ወስኖ ነበር የሚያወጣው። በቮልስ ደግሞ ዳሽቦርዱ ብረት ስለሆነና እንደ ውጩ ስለሚቀባ፣ ሾፌሩ ሲነዳ ፊት ለፊቱ የሚያየው የመኪናውን ቀለም ነው። ብዙ ሰው «ቆሻሻ ይችላል» ብሎ ውስጡን ጥቁር ያለብሰዋል፤ በዚህም መኪናው ጠቦና ጨልሞ ይቀራል። እኔ በኋላ የተደረበውን ጨርቅ ገፍፌ፣ ስፌቱ ከታጠፈበት ቦታ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቆዳ አገኘሁ። አቧራ የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም ነው፤ አዲሱንም በእሱ ልክ አሠራሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኅቴ መልሳ ደወለች። አስታውሳለች። አባታችን መኪናውን ሲገዛው ግራጫ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ፓራፋንጎው ተገጭቶ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰደው፤ ቀለም ቀቢው ግራጫ ስላልነበረው ከሌላ ሰው መኪና የተረፈውን ሰማያዊ ቀባለት። አባባም ዋጋው ስለቀነሰለት ዝም አለ። እኔ ያን ጊዜ ነፍስ አላወቅሁም።

እንግዲህ አርባ ዓመት ሙሉ በስደት የያዝኩት «የአባቴ ሰማያዊ» የሌላ ሰው ትርፍ ቀለም ነበር ማለት ነው! መጀመሪያ ላይ አዘንኩ። በኋላ ግን እኔም እኅቴም እንዳልዋሸን ገባኝ፤ እያንዳንዳችን የያዝነው አንዱን ንብርብር ነው። እኛ ስደተኞች ስለ አገራችን ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። በወጣንበት ዓመት ያየነውን ቀለም የመጀመሪያውና የመጨረሻው አድርገን እንይዛለን፤ ከእኛ በፊት የነበረውንና ከእኛ በኋላ የተቀባውን የሚነግረንን ሰው እንደ ውሸታም እንቆጥራለን።

መኪናውን አረንጓዴ አስቀባሁት። የአባቴ መኪና አይደለምና የአባቴን ልብስ ላለብሰው አልወደድኩም። የራሱ ታሪክ አለው። አንባቢም አገር ቤት የቆመ የቤተሰብ መኪና ካለው፣ ከመፋቁ በፊት ሳንቲም የምታህል ቦታ ፈትጎ እንዲያይ፣ ታላላቆቹንም በሕይወት ሳሉ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።