ነፍሰ ጡር እናት አደጋ ሲደርስባት ራጅ ትነሳ ወይስ ይቅርባት?

ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል፣ ከቤቴልም ወደ ዓለም ባንክ የሚወስደውን መንገድ የምትመላለሱበት በሚገባ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ መጋፋቱ፣ አስፋልት ለመሻገር መሮጡ፣ በመኪኖች መካከል የሚሹለከለከው ሞተር ሳይክል የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የሰባትና የስምንት ወር ነፍሰ ጡር እህቶቻችንም ሥራ የሚገቡት፣ ገበያ የሚወጡት፣ እሑድም ለአምልኮ የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ወንድሜ፣ ባለቤትህን መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ደርሰሃል እንበል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ ብቅ ብሎ «ሆዷንና ዳሌዋን በሲቲ ስካን ማየት አለብን» ይልሃል። ከኋላህ የቆሙት ዘመዶች ደግሞ «ኧረ ጨረር ልጁን ይጎዳዋል፣ ይቅርባት!» ይላሉ። ምን ትላለህ?

ይህ ጥያቄ የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬ፣ ሁለታችሁም በጤና ሳላችሁ፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩበት ይሻላል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ዘመዶቹ የሚሉት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ከተገኘ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች የፅንሱን አቀማመጥ ለማየት፣ መንታ መሆኑን ለመለየት፣ የእናቲቱን ዳሌ ስፋት ለመለካት ነፍሰ ጡሮችን ያለ ስጋት ራጅ ያነሱ ነበር። በኦክስፎርድ የነበሩት ሐኪም አሊስ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1958 ባወጧቸው ጽሑፎች በካንሰር የሞቱ ሕፃናትን እናቶች ጠይቀው፣ በእርግዝናቸው ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ የተነሱት ቁጥራቸው ከፍ እንደሚል አሳዩ። የሙያ ባልደረቦቻቸው ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። ደግነቱ በዚያው በ1958 ዓመት በግላስጎው ኢያን ዶናልድ የተባሉት ሐኪም በድምፅ ሞገድ ማህፀንን ማየት እንደሚቻል ጽፈው ነበርና፣ ቀስ በቀስ አልትራሳውንድ የራጅን ቦታ ያዘ።

ይሁን እንጂ ፍርሃትም ከልኩ ሲያልፍ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ጨረሩ ግሪክ ድረስ ደርሷል ተባለ። በግሪክ የነበሩ እናቶች ያገኛቸው መጠን በጣም ትንሽ ነበር፤ ሆኖም በወሬና በሐኪሞች ምክር ጭምር ብዙዎች እርግዝናቸውን አቋረጡ። በቀጣዩ ዓመት የታተመ ጥናት ወላጆቻቸው ይፈልጓቸው የነበሩ 2,500 ያህል ፅንሶች በዚህ ምክንያት እንደጠፉ ገምቷል። እነዚያን ልጆች የገደላቸው ጨረር አልነበረም። ይህን ታሪክ በጉባኤያችን ያሉ ባለ ትዳሮች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በእኛም ዘንድ «ራጅ ተነስተሻልና ይውጣ» የሚል ምክር ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከባለሙያ አፍ ይሰማል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፅንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር የሚለካው ሚሊግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ50 ሚሊግሬይ በታች የሆነ መጠን ከአካል ጉድለትም ሆነ ከውርጃ ጋር አልተያያዘም። አንድ ፅንስ በዘጠኙ ወራት ውስጥ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ ብቻ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግሬይ ያገኛል። (እኛ አዲስ አበቦች ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ከሰማይ የሚመጣው ድርሻችን ባሕር ዳርቻ ካሉት ከፍ ይላል። ስለዚህ ግን ማንም አይጨነቅም።)

የደረት ራጅ ለፅንሱ የሚያደርሰው ቢበዛ 0.01 ሚሊግሬይ ነው። የጭንቅላት ሲቲ ስካንም እንዲሁ፤ ጨረሩ ሆድ ላይ ስለማያርፍ ከሩቅ የሚበተነው ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጭንቅላቷን የተመታች ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ምክንያት ሲቲ ስካን ብትከለከል፣ ለልጁ ምንም ሳንጠቅም እሷን አደጋ ላይ መጣል ይሆናል። የሆድ ሲቲ ስካን ከ1.3 እስከ 35፣ የዳሌ ደግሞ ከ10 እስከ 50 ሚሊግሬይ ያደርሳል። ከባዱ ይህ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ቢነሳ ከወሰኑ አያልፍም። ተደጋግሞ ከተነሳ ግን ሊያልፍ ይችላልና ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ የተነሳችው ካለ ለሐኪሙ መንገር፣ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አእምሮ በዋናነት የሚሠራበት ከስምንተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

ካንሰርስ? ከ3,000 ሕፃናት አንዱ ያለ ምንም ራጅ በደም ካንሰር ሊያዝ ይችላል። ከ10 እስከ 20 ሚሊግሬይ ያገኘው ፅንስ ይህ ዕድሉ ወደ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ከፍ ሊል ይችላል ይባላል። ይህ ማለት ከ3,000 ሕፃናት ሁለቱ ቢታመሙ 2,998ቱ አይታመሙም ማለት ነው። አደጋ የለውም አልልም፤ ነገር ግን ከሌላው አደጋ ጋር ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ሌላው አደጋ

ሌላው አደጋ የእናቲቱ የተደበቀ ደም መፍሰስ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ይህ ለወሊድ ጊዜ የተሰጠ ድንቅ ስንቅ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ግን ሐኪምን ያታልላል። ከአንድ ሊትር በላይ ደም በሆዷ ውስጥ ፈስሶ እንኳ የደም ግፊቷ ደህና ሊመስል፣ እሷም «ደህና ነኝ፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ልትል ትችላለች። ሰውነቷ ራሷን ለማዳን ሲል ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። እናቲቱ ደህና ስትመስል ልጁ እየታፈነ ነው ማለት ነው። የጣፊያዋን መሰንጠቅ፣ የጉበቷን መቁሰል፣ የዳሌዋን መሰበር በጊዜ ያላየ ሐኪም ሁለቱንም ያጣል። እናቲቱን ማዳን ልጁን የማዳን የመጀመሪያው ሥራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ አልትራሳውንድ አልጋዋ ድረስ ይመጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሆዷ ደም መኖሩን፣ የልጁም ልብ መምታቱን ያሳያል፤ ጨረርም የለውም። ነገር ግን አልትራሳውንድ «ምንም የለም» ስላለ ተነስቶ መሄድ ትልቅ ስህተት ነው። ከአደጋ በኋላ በብዛት ፅንስን የሚገድለው የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ መላቀቅ ሲሆን፣ አልትራሳውንድ ከግማሽ በላዩን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እርግዝናዋ ከአምስት ወር ያለፈ እናት ምንም ሳይታይባት እንኳ ቢያንስ ለአራት ሰዓት የልጁ የልብ ምትና የማህፀኗ መኮማተር እየተለካ መቆየት አለባት። ደም ከታየ፣ ሆዷ ከጠነከረ ወይም ምጥ የመሰለ ነገር ከመጣ እስከ 24 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ትቆያለች። ሐኪሙ የአንጀት፣ የኩላሊት ወይም የአጥንት ጉዳት ሲጠረጥር ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ሆኖም ብዙ ደቂቃ ስለሚወስድ ደም እየፈሰሳት ላለች እናት አይሆንም።

ሆዷ ላይ የእርሳስ ሽርጥ ይደረግልኝ ብላችሁ አትጣሉ። ድሮ ይደረግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ጥቅሙ እምብዛም ስለሆነና ምስሉን ሊያበላሽ ስለሚችል ይቅር ብለዋል። ይልቅ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል ተደርጋለች? በጀርባዋ ስትተኛ የከበደው ማህፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይዘጋል። አከርካሪዋ ተጎድቷል ተብሎ ከተፈራ ከነተኛችበት ቃሬዛ ዘንበል ትደረጋለች።

ለባሎች ጥቂት ቃል

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ከነቃችና መናገር ከቻለች የሚወስነው እሷ ናት። ሰውነቱም ሕመሙም የእሷ ነው። አንተ አጠገቧ ሆነህ ስንት ወሯ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ደም እንዳላት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ንገርላት። ጸሎትም ከሲቲ ስካን ጋር አይጣላም፤ በኮሪደሩ ላይ መጸለይ ይቻላል፣ ምርመራውን ለነገ ማሳደር ግን አይቻልም።

አንድ ከባድ ጉዳይም አለ፤ በእኛ መካከል ስለማይነገር እናገረዋለሁ። ነፍሰ ጡሮች የሚጎዱት በመኪናና በመውደቅ ብቻ አይደለም። በባሎቻቸው እጅ የሚጎዱ አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡም አሉ። «ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ወይም ነርሷ «አንተ እባክህ ውጪ ቆይ» ሲሉህ አትቆጣ፤ ሥራቸው ነው። እህቴ፣ አንቺም ሆድሽን ተመተሽ ከሆነ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሪ። መኪና መግጨትና በእርግጫ መመታት የሚያደርሱት ጉዳት ስለሚለያይ የት መመልከት እንዳለበት የሚያውቀው ከነገርሽው ነው። ሽማግሌዎችም እንዲህ ያለችን ሴት «ታገሺ» ብላችሁ ከሐኪም ፊት አትመልሷት።

ወዴት ይኬዳል?

አደጋ ሲደርስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የከተማው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። በቤቴል ራሱ የግል ሆስፒታል አለ። በዚያው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት፣ ሚሲዮናውያን በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ካቆሙት ሆስፒታል የተወለደ ሲሆን ዛሬ የአደጋ ተጎጂዎችንም ያክማል። በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው። የትኛውም ቦታ ብትሄዱ እርግዝናውን በመጀመሪያው ቃላችሁ ተናገሩ፤ የወር አበባዋ የዘገየባት እንኳ ብትሆን ትናገር።

መኪና ውስጥ የምትሳፈሩ ደግሞ የመቀመጫ ቀበቶው የታችኛው ክፍል ከሆድ በታች ጭንና ዳሌ ላይ፣ የላይኛው በሁለቱ ጡቶች መካከል ይለፍ። ሆድ ላይ ማሰር ይጎዳል፤ ጭራሽ አለማሰር ግን ይብሳል።

ለሲቲ ስካኑ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ሲያስፈልግ ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል፤ የምታጠባ እናትም በእሱ ምክንያት ጡት ማጥባት አታቋርጥም። ደሟ ነጌቲቭ የሆነ እናት ከሆነች፣ ከአደጋው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሾተላይ መከላከያ መርፌ መውሰድ አለባት። የልጁ ደም ከእሷ ደም ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ የሚጎዳው ይህኛውም የሚቀጥለውም ልጅ ነው። የደም ዓይነቷ የተጻፈበትን የእርግዝና ክትትል ካርድ በቦርሳዋ ትያዝ፤ ባልም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጠው።